«ደህና ነኝ» ያሉኝ እናት፦ አደጋ ሲደርስ የገጠር ነርስ ማንን ታስቀድም?

ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ቀን። ከገበያ ሰው ጭኖ ሲመለስ የነበረ ዶልፊን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠና ሰው ሁሉ ወደኛ ጤና ጣቢያ መጣ። መጣ ስላችሁ በአምቡላንስ እንዳይመስላችሁ፣ ገሚሱ በባጃጅ፣ ገሚሱ አይሱዙ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር፣ ሁለት ሰው በቃሬዛ፣ የቀረው በእግሩ። ያን ቀን ተረኛ የነበርነው ሁለት ነርስና አንዲት አዋላጅ ነን፣ የመጣው ሰው 21፣ ተከትሎት የመጣው ዘመድና ወሬ ፈላጊ ደግሞ ግቢውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎጃም ውስጥ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም፣ የትም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያየነው ማንን መሰላችሁ? ክንዱ የተሰበረውን ሰውዬ። ለምን? ይጮሃላ። ከሱ ጋር የመጣው ወንድሙ ደግሞ በቀበሌው የሚፈራ ሰው ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ሰው እየሞተ ዝም ትላላችሁ!» ይለናል። እኛም ተጣድፈን ክንድ ስናስር፣ መርፌ ስንወጋ 20 ደቂቃ ሄደ። ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ስር ግን አንዲት እናት ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠዋል፣ በእግራቸው ነው የመጡት። ሁለቴ በአጠገባቸው አለፍኩ፣ ሁለቴም «እማማ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚሀር ይመስገን፣ እነሱን እዪ» አሉኝ። ሶስተኛው ላይ አልመለሱልኝም። ሆዳቸው ውስጥ ደም ሲፈስ ነበር ማለት ነው፣ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳቸው መንገድ ላይ አረፉ።

ይሄን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከዛ በኋላ ግን ትሪያጅ የሚባለውን ነገር ከስልጠና ላይ ስላይድ አውጥቼ በኛ አገር ጠባይ ማሰብ ጀመርኩ፣ እና የገባኝን ላካፍላችሁ፣ በተለይ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ለምትሰሩ፣ ለወረዳ ሰዎችም ጭምር።

ትሪያጅ ቃሉ የፈረንጅ ነው፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ መለየት መምረጥ እንደማለት። የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ላሬ ቁስለኛን በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ማየት አለብን ብሎ የጀመረው ነገር ነው ይባላል። ሀሳቡ ቀላል ነው። በደህና ቀን አንድ ታካሚ ሲመጣ ያለንን ሁሉ ለሱ እንሰጣለን። ብዙ ሰው ባንዴ ሲመጣና እጅ ሲያጥር ግን ጥያቄው ይቀየራል፣ ያለን እጅና ያለን ግሉኮስ ብዙ ነፍስ የሚያተርፈው ማን ላይ ቢውል ነው? ይሄ ጥያቄ ጨካኝ ነው፣ ግን ካልጠየቅነው ጩኸት ይመልስልናል። ያን ቀን የመለሰልን ጩኸት ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ስልት ስታርት የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሆስፒታልና የከተማው እሳት አደጋ ክፍል አብረው ያወጡት። ነርሷ ቆማ በትልቁ ትጣራለች፣ «መራመድ የምትችሉ ወደዛች ዛፍ ሂዱ!» የሄደው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ይቆያል። የቀረውን አንድ በአንድ ታያለች፣ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳትቆይ። ይተነፍሳል? ካልተነፈሰ አንገቱን አቃንታ የአየር መንገዱን ትከፍታለች፣ አሁንም ከሌለ ጥቁር፣ አይተርፍም ተብሎ የሚታለፍ ማለት ነው፣ ከጀመረ ቀይ፣ ቅድሚያ የሚያገኝ። ይተነፍሳል ግን በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ቀይ። ትንፋሹ ደህና ነው ግን የእጅ አንጓው ላይ ትርታ የለም፣ ቀይ። ትርታውም አለ ግን «እጄን ጨብጥ» ሲሉት አይጨብጥም፣ ቀይ። ሁሉንም ያለፈ ግን መራመድ ያልቻለ ቢጫ ነው፣ ከቀዩ ቀጥሎ ይታያል። በዚህ መሀል የምትሰራው ሕክምና ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የአየር መንገድ መክፈትና የሚፈስ ደም ማቆም። ስፌት የለ፣ ግሉኮስ የለ፣ ክንድ ማሰር የለ። ይሄ ነው ለኛ የሚከብደን፣ ምክንያቱም እኛ የተማርነው ማከም ነው፣ አይተን ጥለን ማለፍ አልተማርንም።

ጥፍር ተጭኖ ደም እስኪመለስ 2 ሴኮንድ መቁጠርም አለ፣ እሱ ግን ደጋ ላይ ብዙ አትመኑት። ጮቄ ስር ሐምሌ ላይ ጤነኛም ሰው ጣቱ በረዶ ነው፣ ቆጥራችሁ መንደሩን ሁሉ ቀይ ልታደርጉት ትችላላችሁ። አንጓውን ዳስሱ። እግረ መንገዴን ስለ ብርድ ካነሳሁ፣ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል፣ ስለዚህ ደጀን አፋፍ ላይ ለተኛ ቁስለኛ ጋቢ መደረቢያ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት ነው፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስርም ይነጠፍለት፣ መሬቱ ነው ሙቀቱን የሚመጠው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ልብ ካላችሁ በስታርት ሕግ ብሄድ እንኳን እሳቸው አረንጓዴ ነበሩ። በእግራቸው መጥተዋል፣ ያወራሉ፣ እጄን ጨብጡ ብላቸው ይጨብጡ ነበር። ስለዚህ «ትሪያጅ ብንሰራ ኖሮ ይተርፉ ነበር» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ስህተቱ የመጀመሪያው እይታ ላይ አይደለም፣ ሁለተኛ ያያቸው ሰው አለመኖሩ ላይ ነው። ትሪያጅ አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ የምርጫ ካርድ አይደለም፣ አረንጓዴው በ15 ደቂቃ ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ይሆናል፣ ስለዚህ ዛፉ ስር የተቀመጡትን ደጋግሞ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ነርስ መሆን የለበትም፣ ትንፋሽ መቁጠር የሚችል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃል። እኔ ሁለቴ ዞሬያለሁ፣ ግን የዞርኩት በጥያቄ ነው። ጎጃሜ ደግሞ እንዴት ነህ ሲሉት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ሆዱ ተቀዶም «እግዚሀር ይመስገን» ነው። በተለይ እናቶቻችን፣ ምጥ ላይ ሆነው እንኳን ድምጽ ማውጣት ነውር የሚመስላቸው አሉ። ስለዚህ በኛ አገር ትሪያጅ በጆሮ አይሰራም። ሰላምታ ስጡ፣ መልሱን ግን አትመኑ፣ እጃችሁ አንጓቸው ላይ ይሁን፣ ዓይናችሁ ደረታቸው ላይ። የሚጮኸው ሰው ቢያንስ አየር እያስገባ ነው፣ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው።

እና ለምንድነው ይሄ ሁሉ የገጠር ነርስ ጫንቃ ላይ የወደቀው፣ ሆስፒታል የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ደብረ ማርቆስ አለ፣ ፍኖተ ሰላም አለ፣ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ። ጥያቄው መቼ ትደርሳለህ ነው። የአባይ በረሃን የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ አዲሱ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶም ጠመዝማዛው ያው ጠመዝማዛ ነው። አንድ የጭነት መኪና መሀል መንገድ ላይ ከተጋደመ አምቡላንሱም ከኋላ ተሰልፎ ይቆማል። ከዋናው መንገድ የራቀው ቀበሌ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው፣ ክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ ሁለት ሶስት ሰዓት ይሄዳል። 907 ደውሎ ኔትወርክ ያገኘ ዕድለኛ ነው። የወረዳው አምቡላንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወላድ ይዞ ሌላ ጫፍ ላይ ነው፣ ይሄ ጥፋት አይደለም፣ ለሱ ነው የተገዛው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሮበት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት፣ አምቡላንስ ለመንቀሳቀስ የሚፈራበት ጊዜ አየን። በነዚህ ቀናት ሪፈር የሚባል ቃል ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። እዛው ያለችው ባለሙያ ያደረገችው ነው የተደረገው፣ በቃ።

በወረቀት ደረጃ ሲስተሙ ጥሩ ነው የታሰበው። አንድ ጤና ኬላ ለ5 ሺህ ሰው፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች፣ አምስት ጤና ኬላ በአንድ ጤና ጣቢያ ስር፣ ጤና ጣቢያው ለ25 ሺህ ሰው፣ ከዛ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ በ1995 ነው፣ ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ የመጀመሪያ እርዳታ ነበር። ከተማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር የተመደቡት ነርሶች ነበሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ። ፈረንጅ የማኅበረሰብ ነርስ የሚለው እንግዲህ እኛ ጋ በነዚህ መሀል ተከፋፍሎ ያለ ስራ ነው፣ ኤክስቴንሽኗ መንደሩን ታውቃለች፣ የጤና ጣቢያ ነርሷ መርፌውንና ቁስሉን ታውቃለች። አደጋ ሲመጣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆን አለባቸው። ያን ቀን ኤክስቴንሽኗን ማንም አልጠራትም። ቤቷ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው።

ብትጠራ ምን ታደርግ ነበር? እኔ እዚህ ላይ ነው ሚስጥሩ ያለ የሚመስለኝ። ሆስፒታል ያለ ድንገተኛ ክፍል የማያውቀውን እሷ ታውቃለች። የቤተሰብ ፎልደር የምንለው በየቤቱ ቁጥር የተሰደረ ማህደር አላት፣ ማን ነፍሰጡር እንደሆነች፣ ማን የስኳር መርፌ እንደሚወጋ፣ ማን የቲቢ መድኃኒት ላይ እንዳለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደቀረ። ጎርፍ ሲመጣ ወይ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገድለው ቁስል ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሰው ነው፣ ምጧ መንገድ ላይ የመጣ ሴት ናት፣ ቤት የተረሱ አካል ጉዳተኛ ሽማግሌ ናቸው። ይሄን ዝርዝር ማንም ከላይ ሊልክላችሁ አይችልም፣ ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ምናልባት አንድ ኮፒ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው፣ ጤና ኬላው ራሱ በጎርፍ ቢሄድስ? ማን አሰበው።

ግን ያው ማወቅ እዳም ነው። ከተማ ያለ ሐኪም ቀይና ጥቁር ሲለይ የማያውቃቸውን ሰዎች ነው የሚለየው። የመንደር ነርስ ግን የምታልፈው ሰው አጎቷ ነው፣ የክርስትና ልጇ ነው፣ ለእህቷ ሰርግ ጠላ የጠመቁላት ሴትዮ ናቸው። አጎቷን ቢጫ ብላ የማታውቀውን ሹፌር ቀይ ብላ ካስቀደመች ያ አጎት ቢተርፍም ቤተሰቡ አይረሳውም፣ ከሞተማ አትጠይቁኝ። ቂም እንደ ርስት በሚወረስበት አገር ትሪያጅ ማለት ነርሷ ነገም እዚሁ ገበያ እንደምትወጣ እያወቀች የምትወስነው ውሳኔ ነው። ስልጠና ላይ ይሄን የሚያነሳ አሰልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ቀለሙን ነው የሚያስተምሩን። ቀለሙ እኮ ቀላል ነው፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። የሚከብደው «እርስዎ ይቆዩ» የምትለው የ24 ዓመት ልጅ ከኋላዋ ማን አለ የሚለው ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፣ የትሪያጅ ስልጣን አደጋው ቀን አይገኝም፣ ከዛ በፊት በደህና ቀን ነው የሚሰራው፣ እና የሚሰራው ከእድሩ ጋር ነው። እድር ድንኳን አለው፣ ቃሬዛ አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፣ ማን ምን ይያዝ የሚል ስርዓት አለው፣ ያልመጣ ይቀጣል። ከዚህ የተሻለ የአደጋ ጊዜ መዋቅር የትኛው መስሪያ ቤት አለው? የእድር ዳኛው በስብሰባ ላይ «አደጋ ሲደርስ ሲስተር የምትለው ነው የሚሆነው፣ ቆይ ያለችው ይቆያል» ብለው አንዴ ከተናገሩ ነርሷ አሥር ስልጠና ከምትወስድ ይበልጣል። የንስሐ አባትም እንደዛው። ጥቁር የተባለው ቁስለኛ ጋ ማን ይቀመጣል? እኛ ጋ ደግሞ ጥቁር ብሎ ቃሉን ማውጣት አይቻልም፣ እናቱ አጠገብ ቆማ። አባ መጥተው አጠገቡ ሆነው ይጸልዩለታል፣ ቤተሰቡ ብቻውን አልተተወም ይላል፣ ነርሷም ወደ ቀዩ ትሄዳለች። ይሄ ማታለል አይደለም፣ ለዛ ሰው በዛ ሰዓት የሚሰጠው ክብር እሱ ነው፣ እጅ ከተገኘ ደግሞ ተመልሶ ይታያል።

ዩኒፎርምም እንደዛው ነው። በኛ ሰሞን የመጣ ቁስለኛ የየትኛው ወገን ነው የሚል ጥያቄ በር ላይ ይነሳል። ትሪያጅ ላይ ወገን የሚባል ቀለም የለም፣ የሚተነፍስ ከ30 በላይ ከሆነ ቀይ ነው። ይሄን የሚለው የጄኔቫ ስምምነትም ነው፣ ግን ስምምነቱን በር ላይ ላለው ሰው አታነቡለትም፣ «እኔ የማየው ትንፋሹን ነው ወንድሜ» ይበቃል፣ ሁሌ ባይሰራም።

አሁን ሕጉ ራሱ የሚገለበጥበትን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። መብረቅ። የኛ ደጋ ክረምት መብረቅ ያውቃል፣ ዛፍ ስር የተጠለለ፣ እርሻ ላይ ያለ፣ አንዳንዴ ብዙ ሰው ባንዴ ይመታል። በሌላ አደጋ የማይተነፍሰው ጥቁር ነው ብለን እናልፋለን። በመብረቅ ግን ተቃራኒ ነው፣ መጀመሪያ የምትሄዱት የሞተ ወደሚመስለው ነው። ምክንያቱም ከመብረቁ ወዲያው ያልሞተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ የሞተ የሚመስለው ደግሞ ልቡ ራሷ ተነስታ ልትመታ ትችላለች፣ ትንፋሹ ግን ቆሞ ይዘገያል፣ በዛ መሀል አየር የሚሰጠው ካላገኘ ልቡም ተመልሳ ትቆማለች። ስለዚህ አፍ ለአፍ ወይ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት፣ ትንፋሽ መስጠት፣ ደረት መጫን። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የተመታውን ሰው መንካት ያስይዛል የሚል ፍርሃት አለ፣ አይዝም፣ ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ግን ደመናው ካልሄደ መጀመሪያ ከዛፉ ስር ውጡ፣ ሁለተኛው መብረቅ አያዝንም።

ሁለተኛው ሲባል ትዝ የሚለኝ ጎፋ ነው። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ተራራው ሲናድ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ ከሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ጎረቤቶች ናቸው፣ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። እኛም የአባይ ሸለቆ ዳርና የጮቄ ገደላገደል ላይ ነው የምንኖረው፣ ክረምት መሬቱ ውሃ ሲጠግብ መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም። እና ሰው ጎረቤቱ ተቀብሮ ቁሙ ብትለው ይቆማል? አይቆምም፣ እኔም አልቆምም። ግን አንድ ሰው ተራራውን ብቻ የሚያይ ዘበኛ ማቆም ይቻላል፣ የእድሩን ጥሩምባ ይዞ፣ ስንጥቅ ሲሰፋ ወይ ድንጋይ መንከባለል ሲጀምር የሚነፋ። ሁሉም ባንዴ ከሚገባ በየተራ፣ ሕጻናት ጭራሽ ሳይጠጉ። ይሄን የምታዝ ነርስ ገና አንድም ቁስለኛ ሳትነካ ብዙ ሰው አትርፋለች ማለት ነው።

ኮሌራ ደግሞ ሌላው ትሪያጅ ነው፣ ደም የሌለበት ስለሆነ ሰው አደጋ አይመስለውም። ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ገብቶ የሆነውን ሰምታችኋል፣ ጎጃምም ጸበል የሌለበት የለም፣ ብዙ ሺህ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ባንድ ምንጭ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት የለም። እዛ የምታገለግል ነርስ የምታየው የውሃ እጥረቱን ነው። ዓይኑ ያልጎደጎደ፣ የሚጠጣ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ወዲያው የሚመለስ፣ ለምለም የምንለውን ኦአርኤስ ሰጥታ ታስቀምጠዋለች። ዓይኑ የጎደጎደና እረፍት ያጣ፣ እዛው እያየችው አራት ሰዓት ታጠጣዋለች። የተልፈሰፈሰ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ቆዳው ተቆንጥጦ እንደ ሊጥ የቀረ፣ እሱ ቀይ ነው፣ ሪንገር ላክቴት የሚባለው በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ በኪሎው 100 ሚሊ ሊትር። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ሊትር ማለት ነው፣ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው በሁለት ሰዓት ተኩል። ለአንድ ሰው 5 ከረጢት፣ አስቡት፣ መጋዘናችን ውስጥ ስንት ከረጢት ነው ያለው? ለዚህ ነው መለየቱ የሚያስፈልገው፣ መጠጣት ለሚችል ሰው ግሉኮስ የሰቀለች ነርስ ለማይችለው የሚሆነውን ጨርሳለች። ሰው ደግሞ ግሉኮስ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም፣ ይሄንን ማስረዳት ራሱ ስራ ነው። ኦአርኤስ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ጨው ከበዛ ይጎዳል። ጾም ነው ቅዳሴ አልወጣም የሚል በሽተኛ አለ፣ እሱን እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ ካህኑ «ለታመመ ጾም የለውም፣ ጠጣ» ካሉት ይጠጣል። በጊዜው ከታከመ ከመቶ አንድ ሰው እንኳን የማይገድል በሽታ ነው፣ ሲዘገይ ግን ሰው በሰዓታት ይሄዳል።

ዕቃው የለም የሚል ይኖራል፣ እውነት ነው፣ ባለቀለም የትሪያጅ ካርድ በስልጠና ስላይድ ላይ ካልሆነ በእጄ ይዤ አላውቅም። እኔ አሁን የማደርገው ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ መለመን ነው፣ ቀይ ቢጫ አረንጓዴ ጥቁር፣ አንጓ ላይ የሚታሰር። ማርከር አንድ። ደም ሲፈስ ነጠላ አጥፎ አጥብቆ መጫን፣ ካልቆመ ከቁስሉ በላይ በመቀነት ወይ ሰፋ ባለ ጨርቅ በእንጨት ጠምዝዞ ማሰር፣ ሲባጎና ሽቦ አይሆንም ስጋ ይቆርጣል። የታሰረበት ሰዓት ግንባር ላይ ይጻፍ። አንዷ ልምምድ ላይ ግንባሯ የመስቀል ንቅሳት ነበረውና «ከመስቀሉ ላይ አትጻፊብኝ» አለችኝ፣ ጉንጯ ላይ ጻፍኩላት፣ ችግር የለውም።

ልምምድ ያልኩት ባለፈው ያደረግነው ነው። የእድሩ ስብሰባ ቀን፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ወረዳው አበል የለም ብሎ አልመጣም፣ እኛ ግን 15 ሰው አስተኝተን ቁስለኛ አደረግን። ልጆቹ በጣም ወደዱት፣ ከመጠን በላይ ነው የሚጮኹት፣ ጥሩ ነው፣ ኤክስቴንሽኗ ጩኸቱን እያለፈች ዝም ያሉትን መፈለግ ተማረች። አንዲት ሴትዮ ዝም እንዲሉ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፣ ግድግዳ ስር። ኤክስቴንሽኗ ደረሰች፣ «እንዴት ነዎት» አለች፣ «ደህና ነኝ» አሏት፣ እና ልታልፍ ስትል ቆማ ተመለሰች፣ ተንበርክካ አንጓቸውን ያዘች። እኔ ዞር ብዬ ነው ያየሁት።

ከዛ አያ አንዱ፣ የእድሩ አንጋፋ ናቸው፣ አረንጓዴ ጨርቅ አሰርንላቸው፣ ዛፉ ስር ይቀመጡ ተባሉ። «እኔ? ከነዚህ ልጆች ጋ? በስንት ዓመቴ?» ብለው ተነሱ። የእድር ዳኛው ከወዲያ ሆነው «አያ፣ ሲስተር ቆይ ብላለች፣ ካልተቀመጡ ቅጣት አለ» አሏቸው፣ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ተቀመጡ። ስንጨርስ ጨርቁን መልሱልን ስንል ቀዩ ሁለት ጎደለ፣ ለካ አንዷ ልጅ ጸጉሯን አስራበታለች።